የኮድ ግምገማ ማሳወቂያ መሣሪያ ሰነድ፦ ምንም መልእክት ካልመጣ ምን ማለት ነው?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ አራት ሆነን የምንጠቀምበት አንድ አነስተኛ መሣሪያ አለን። ጊትሃብ (ኮድ የምናስቀምጥበትና የምንጋራበት ድረ ገጽ) ላይ የኮድ ግምገማ ስንጠየቅ፣ ማለትም ባልደረባ የጻፈውን ኮድ እንድናይለት ሲፈልግ፣ በኮዳችን ላይ አስተያየት ሲሰጥ ወይም ያቀረብነው ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጣችን ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ የምናቀርበው ጥያቄ) ሲጸድቅ ወሬውን ለቅሞ በቴሌግራም ቦት (መልእክት በራሱ የሚልክ ፕሮግራም) በኩል ለየባለቤቱ ያደርሳል። ይህን መንገድ የመረጥነው ከመካከላችን ኢሜይሉን በየሰዓቱ የሚከፍት ሰው ስለሌለና ቴሌግራም ግን ከማናችንም እጅ ስለማይለይ ነው። አሁን በሌሎች ከተሞች ያሉ የሙያ ጓደኞቻችን እንድናካፍላቸው ስለጠየቁን፣ ኮዱን ከመስጠታችን በፊት በአማርኛ የተሟላ ሰነድ ልንጽፍለት ጀምረናል። የመጀመሪያው ረቂቅ ግን አልተሳካልንም። ለምን እንዳልተሳካ በዝርዝር ልንገራችሁና አስተያየታችሁን ልጠይቅ።

ረቂቁ 14 ገጽ ነበር። እያንዳንዱን ቅንብር በስሙ ጠርተን፣ የሚቀበለውን ዋጋ ጽፈን፣ ምሳሌ ጨምረንበታል። በዚያው ሳምንት አብሮን መሥራት ለጀመረ አንድ ወጣት ሰጠነውና ያለማንም እርዳታ መሣሪያውን ጫነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም መልእክት አልደረሰውም። እርሱ «አዲስ ስለሆንሁ ገና ግምገማ አልተሰጠኝም» ብሎ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ሥራውን እንዲያይለት የጠየቀው ባልደረባችን ደግሞ «ቸል አለኝ» ብሎ ቅር ብሎታል። በአራተኛው ቀን ቡና ላይ ተገናኝተው ሲጨዋወቱ ነው ነገሩ የታወቀው።

የቴሌግራም ቦት ለማንም ሰው ቀድሞ መጻፍ አይችልም። ተጠቃሚው ራሱ ቦቱን ከፍቶ «ስታርት» የሚለውን ካልተጫነ በስተቀር የሚላክለት ሁሉ ውድቅ ይሆናል። ይህን በሰነዳችን 11ኛ ገጽ ላይ በአንድ መስመር ጽፈነው ነበር። ወጣቱ 11ኛው ገጽ ላይ አልደረሰም፤ የሚደርስበትም ምክንያት አልነበረውም፤ ሁሉ ነገር የተስተካከለ መስሎታልና።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ ሰነዳችን መሣሪያው ሲናገር ምን እንደሚል አሳምሮ ይገልጻል፤ ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። ለሌላ ዓይነት ሶፍትዌር ይህ ትንሽ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ለማሳወቂያ መሣሪያ ግን ዋናው ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ተጠቃሚው ከመሣሪያው ጋር የሚያሳልፈው አብዛኛው ጊዜ የዝምታ ጊዜ ነው። ዝምታው «ሥራ የለብዎትም» ማለትም ሊሆን ይችላል፣ «ተበላሽቻለሁ» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አይለያዩም። ስለዚህ የሰነዱን የመጀመሪያ ገጽ ቅንብሮችን ትቼ በዚህ ልጀምረው አስቤያለሁ፦

«መሣሪያው ዝም ካለ የሚጠብቅህ ግምገማ የለም ብለህ አትደምድም። መጀመሪያ ቦቱን ከፍተህ ‹ስታርት› መጫንህን አረጋግጥ። ቀጥሎ ቶከንህ (መሣሪያው በስምህ ወደ ጊትሃብ የሚገባበት የይለፍ ቁልፍ) ጊዜው አለማለፉን ተመልከት። ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ማስታወቂያው በየቀኑ በ9፡00 ተጠቃልሎ ይደርስሃል።»

የጎደለውንም የተሳሳተውንም ንገሩኝ።

ከማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ዝምታውን ከቅንብሮቹ ማስቀደምዎ ትክክል ነው። እኔ ፕሮግራሚንግ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ ከተማሪዎቼ ጋር በየጊዜው የማየው ችግር ይኸው ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ሲናገርም ሰነዱ ሊያብራራው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ መልእክቱ «ለምን ደረሰኝ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ሰው እንደሚገምተው አይደለም።

ጊትሃብ ከእያንዳንዱ ማሳወቂያ ጋር የመላኩን ምክንያት አብሮ ይልካል። ግምገማ ተጠይቀው፣ ስምዎ ተጠቅሶ፣ ጸሐፊው እርስዎ ሆነው ወይም ሪፖዚተሪውን (የኮዱን ማከማቻ) ስለሚከታተሉ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ምክንያት የሚሰጠው ለአንዱ መልእክት ሳይሆን ለውይይቱ በሙሉ ነው። በአንድ ውይይት ውስጥ አንድ ጊዜ ስምዎ ከተጠቀሰ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ውይይት የሚመጣው ማሳወቂያ፣ ስምዎ ዳግመኛ ባይነሣም እንኳ፣ «ስምዎ ተጠቅሷል» የሚለውን ምክንያት እንደያዘ ይቀጥላል። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶት ከ40 በላይ አስተያየቶችን ከላይ እስከ ታች እያነበበ ስሙ የተጠራበትን ቦታ ሲፈልግ አንድ ከሰዓት በኋላ አባክኗል። ስሙ የተጠራው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። መሣሪያችሁ ምክንያቱን እንደመጣ ወደ ቴሌግራም የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ ሰነዱ ይህን በግልጽ መናገር አለበት፤ አለዚያ ተጠቃሚው መሣሪያው የዋሸው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ተራ ነው። ገምጋሚ ማወቅ የሚፈልገው «ምን ተፈጠረ?» የሚለውን ብቻ አይደለም፤ «አሁን ተራው የማን ነው?» የሚለውን ነው። ጌሪት የተባለው የግምገማ ሥርዓት በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው 3.3 እትሙ ጀምሮ ይህን ራሱን ችሎ የሚታይ ነገር አድርጎታል፦ በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ እርምጃው የሚጠበቅበት ሰው ስም አጠገብ ምልክት ይደረጋል፤ ገምጋሚው መልሱን ሲሰጥ ምልክቱ ከእርሱ ላይ ተነሥቶ ወደ ለውጡ ባለቤት ይዞራል። በእኛ አገር ወንፈል የገባ ሰው የዛሬው ማሳ የማን እንደሆነና የነገው ተራ ለማን እንደሚደርስ ሳይጠይቅ ያውቀዋል። የእናንተ ሰነድም ለእያንዳንዱ የመልእክት ዓይነት «ይህ ሲደርስዎ ተራው የእርስዎ ነው» ወይም «ይህ ለእውቀት ብቻ ነው» ብሎ ሊለይ ይገባል።

እግረ መንገዴን፣ «ፑል ሪኩዌስት» ከማለት «የመሳብ ጥያቄ» ብትሉ ምን ይመስላችኋል?

ዘንባባ ሥር (ባሕር ዳር)

ወንድሜ ጣና ዳር፣ በረቂቅህ ላይ ሁለት ነገር ልበል።

የመጀመሪያው «አትደምድም፣ አረጋግጥ፣ ተመልከት» የሚለው ነው። አማርኛ ትእዛዙን በፆታ የሚለይ ቋንቋ ስለሆነ፣ ሰነድህ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚያናግረው ወንድ ፕሮግራመርን ብቻ ነው። እኔ ሰባት ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ የሚደርሱኝ የሶፍትዌር መልእክቶች «ተጠይቀሃል» ይሉኛል፤ ባነበብሁት ቁጥር ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ የከፈትሁ ያህል ይሰማኛል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። «ያረጋግጡ፣ ይመልከቱ» ማለት ይቻላል። የቦቱን አጫጭር መልእክቶች ደግሞ ሰውን ትቶ ሥራውን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማድረግ ይሻላል፦ «ግምገማ ተጠይቀሃል» ከማለት «ግምገማዎ ይጠበቃል»። ይኸኛው አጭርም ነው፣ ከማርቆስ ያነሡትን የተራ ጥያቄም ይመልሳል።

ሁለተኛው፣ በአንዱ አንቀጽ ላይ «ማስታወቂያ» ብለሃል፤ በርዕስህ ላይ ግን «ማሳወቂያ» ነው። ማስታወቂያ ስንል ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ወይም በሬዲዮ የሚነገረውን ነው። «ማስታወቂያዎችን አጥፋ» የሚል ቁልፍ ብታስቀምጥ፣ ተጠቃሚው የንግድ ማስታወቂያ የሚያጠፋ መስሎት ይጫነውና የግምገማ መልእክቱን በሙሉ ይዘጋል። አንዱን ቃል ምረጥና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዘው።

ላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

«በየቀኑ በ9፡00» የሚለው መስመር አሳስቦኛል፤ በራሴ የደረሰ ስለሆነ በዝርዝር ልጽፈው።

እኔ ከቤቴ ሆኜ ውጭ አገር ካሉ ሰዎች ጋር እሠራለሁ። ከእናንተው ጋር የሚመሳሰል ሌላ መሣሪያ ስጭን የዕለቱ ማጠቃለያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲደርሰኝ ፈልጌ በቅንብሩ ላይ «3፡00» ብዬ ሞላሁ። በማግሥቱ ስልኬ የጮኸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ወሰደብኝ፤ ስሕተቶቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቧል። መሣሪያው የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ደግሞ ከንጋት ጀምረን ነው፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ከዚህም ሌላ መሣሪያው የተጫነበት ሰርቨር የሚሠራው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሲሆን፣ የእኛ ሰዓት ከእርሱ 3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ የሰርቨሩ 3፡00 እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሆነ። የፈለግሁት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲመጣ ሰርቨሩ ላይ መሞላት የነበረበት 6፡00 ነው።

እንግዲህ የእናንተ 9፡00 የትኛው ነው? ጎጃም ውስጥ ያለ ማንኛውም አንባቢ «በ9 ሰዓት» ሲል ከቀትር በኋላ ያለውን 9 ሰዓት ያስባል፤ ከቀትር በኋላ እየጠበቀ ጠዋት የመጣውን ሳያይ ሊውል ይችላል። ሰነዱ ሰዓት በጻፈ ቁጥር «ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ» የሚለውን ቃል ይጨምር፤ አጠገቡም በቅንብሩ ላይ የሚሞላውን ቁጥር ለይቶ ይጻፍ። «ማጠቃለያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲደርስዎ በቅንብሩ ላይ 6፡00 ብለው ይሙሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ሰዓት ቀጠና ከሚጻፍ ሙሉ ገጽ ይበልጣል።

ሌላም አለ። መብራት ወይም ኔትወርክ ለአንድ ቀን ተቋርጦ ሲመለስ መሣሪያው ምን ያደርጋል? ያመለጠውን በሙሉ አንድ በአንድ ይልካል ወይስ ያጠቃልላል? በዌብሁክ (ነገር በተፈጠረ ቁጥር ጊትሃብ ራሱ ወደ ሰርቨራችሁ በሚልከው መልእክት) የምትቀበሉ ከሆነ ጉዳዩ የከበደ ነው፤ ጊትሃብ ያልደረሰለትን ዌብሁክ በራሱ መልሶ አይልክም፤ ሰርቨራችሁ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የመጣው ዳግም እንዲላክ ካልተጠየቀ በስተቀር ጠፍቶ ይቀራል። ይህም ዝምታ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ዝምታ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በየነጥቡ ልመልስ።

ዘንባባ ሥር፣ እኅቴ፣ ሁለቱንም ተቀብያለሁ። ዛሬ ጠዋት ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር ስፈትሽ «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል 23 ቦታ ገብቶ አገኘሁ፤ ሁሉንም አርሜያለሁ። የቦቱ መልእክትም «ግምገማዎ ይጠበቃል» ሆኗል።

ከማርቆስ፣ የምክንያቱን ነገር ኮዱን የጻፍሁት እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። አሁን መልእክቱ ላይ «ስምዎ ተጠቅሷል» በሚለው ፈንታ «ስምዎ በተጠቀሰበት ውይይት አዲስ ነገር አለ» እንዲል አድርጌዋለሁ፤ በሰነዱም ላይ ምክንያቱን አብራርቻለሁ። «የመሳብ ጥያቄ» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ በአክብሮት ልከራከርዎት። የሰነዱ አንባቢ ከሰነዱ ወደ ጊትሃብ ገጽ፣ ከዚያም ወደ ባልደረባው ይመላለሳል፤ በሦስቱም ቦታ የሚሰማውና የሚያየው ቃል «ፑል ሪኩዌስት» ነው። አዲስ ቃል ብናስተምረው በሰነዳችን ውስጥ ብቻ የሚሠራ ቃል ይሆንበታል። «ግምገማ»ን የተጠቀምነው ሰው ቀድሞ የሚያውቀው ቃል ስለሆነ ነው፤ «ኮሚት»፣ «ብራንች»፣ «መርጅ» ግን በየቢሮው እንደሚነገሩት ይቆዩ።

ላህ ወንዝ፣ እኛ በዌብሁክ አንቀበልም፤ መሣሪያው ራሱ እየሄደ ይጠይቃል። ጊትሃብ በመልሱ ላይ ስንት ሰከንድ ቆይተን ዳግም መጠየቅ እንዳለብን ይነግረናል፤ በአብዛኛው 60 ሰከንድ ነው። ስንጠይቅ «ከዚህ ሰዓት ወዲህ የተለወጠ አለ?» ብለን ስለሆነ፣ የተለወጠ ከሌለ 304 የሚል ባዶ መልስ ይመጣል፤ ይህም በሰዓት ከተፈቀዱልን 5000 ጥያቄዎች ላይ አይቆጠርብንም። ኔትወርክ ሲመለስ መሣሪያው ካቆመበት ሰዓት ጀምሮ ያለውን በአንድ ጊዜ ያመጣና በአንድ መልእክት አጠቃልሎ ይልከዋል። እንዲያጠቃልል ያስገደደን ቴሌግራም ነው፤ በመጀመሪያ መሣሪያውን የሞከርነው በቡድን ውስጥ ነበር፣ ቦት ደግሞ በአንድ ቡድን ውስጥ በደቂቃ ከ20 መልእክት በላይ መላክ አይችልም። ይህ ሁሉ በሰነዱ ውስጥ አልነበረም፤ ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ።

የ304ን ነገር ስጽፍ አንድ ነገር ገባኝ። 304 መልስ ነው፤ «ጠየቅኸኝ፣ አየሁ፣ ምንም የለም» ማለት ነው። መልስ ማጣት ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ሁለቱን ለይቶ እያወቀ ለተጠቃሚው ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ዝምታ ነበር የሚያቀርበው። ስለዚህ ዕለት ዕለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት «የሚጠብቅዎ ግምገማ የለም፤ መሣሪያው እየሠራ ነው» የሚል አንድ መስመር እንዲልክ ላደርግ ነው።

ጮቄ ማዶ (ሞጣ)

ስለዚያ አንድ መስመር ላስጠንቅቅ። «መሣሪያው እየሠራ ነው» የሚለውን የሚልከው የቴሌግራሙ ክፍል ከሆነ፣ የጊትሃብ ቶከን ጊዜው አልፎ እንኳ ቦቱ ጠዋት ጠዋት «ደህና ነኝ» እያለ ይቀጥላል። ያኔ ዝምታው ይቅርና ሐሰት ይሆናል። በመስመሩ ላይ መጻፍ ያለበት ጊትሃብ ለመጨረሻ ጊዜ የመለሰበት ሰዓት ነው፤ 304 ከሆነም መልስ ነውና ይቆጠር። ሰዓቱ ከቆየ፣ አንባቢው ራሱ ይረዳዋል።

ስለ ቶከኑም ሰነዱ ትክክለኛውን ፈቃድ በስሙ ይጥራ። የጊትሃብ የማሳወቂያ አገልግሎት የሚሠራው በነባሩ ዓይነት የግል ቶከን ብቻ ነው፤ አዲሱንና ፈቃዱ በዝርዝር የሚወሰነውን ዓይነት አይቀበልም። አንባቢው ይህን ካላወቀ፣ ጥንቃቄ መስሎት አዲሱን ዓይነት ያወጣል፣ አልሠራ ሲለው ደግሞ በንዴት ነባሩን ከነሙሉ ፈቃዱ አውጥቶ ይለጥፈዋል። ከሌሎቹ ፈቃዶች ሁሉ የማሳወቂያውን ብቻ ምልክት እንዲያደርግ ይነገረው።

ዘንገና (እንጅባራ)

ሰላም ለሁላችሁ። 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጣና ዳር የተሻሻለውን ሰነድ ስለላኩልኝ ትናንት ማታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ጭኜዋለሁ፤ የቆምሁበትን ቦታ ሁሉ ልጽፍ።

«ስታርት»ን በመጀመሪያው ገጽ ስላገኘሁት ተጭኛለሁ። ሰዓቱን 6፡00 ብዬ ሞላሁ። የቆምሁት አንዱን ጩኸት የበዛበትን ሪፖዚተሪ ለጊዜው ዝም ማሰኘት ፈልጌ በሰነዱ መፈለጊያ «ፀጥ» ብዬ ስጽፍ ነው። ምንም ውጤት የለም አለኝ። ባህሪው ጨርሶ የሌለ መስሎኝ ልተወው ስል፣ ገጾቹን ስገልጥ «ጸጥ አድርግ» የሚል ርዕስ አገኘሁ። ኮምፒውተሩ «ጸ»ን እና «ፀ»ን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ስለሚያያቸው ነው። «ሥራ» እና «ስራ» ብዬም ሞከርሁ፤ የተለያየ ውጤት ነው የሚያመጣው።

ሁለተኛው ኮዱን ለማሻሻል የሚፈልግን ሰው የሚመለከት ነው። ከመልእክቱ ሥር ያሉትን ቁልፎች የሪፖዚተሪውን የአማርኛ ስም ጨምሬ ለማሻሻል ስሞክር ቴሌግራም አልቀበልም አለኝ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ውስጥ ተደብቆ የሚላከው መረጃ ከ64 ባይት ማለፍ የለበትም፤ አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ከ21 ፊደል በላይ አይገባም። ይህን በሰነዱ ውስጥ ባገኘው ኖሮ አንድ ሰዓት ተኩል ባተረፍሁ ነበር።

ከማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ዘንገና፣ ይህ እጅግ ጠቃሚ ምርመራ ነው። የፊደሉን ነገር በሰነዱ ጸሐፊ ጥንቃቄ ብቻ መፍታት አይቻልም፤ አንባቢው የለመደውን ፊደል ይጽፋልና። መፈለጊያው ከመፈለጉ በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልስ፤ የሰነዱንም ቃላት በዚያው መንገድ ይመልስና ያነጻጽር። የሚታየው ጽሑፍ ግን እንደተጻፈ ይቆይ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

መምህር፣ ዛሬውኑ ጨምሬዋለሁ። የ21 ፊደሉንም ለአሻሻዮች በተለየው ገጽ መጀመሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ አሁን እንዲህ ሆኗል፦

«መሣሪያው ዝም ካለ በመጀመሪያ የዛሬውን የጠዋት መልእክት ይፈልጉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የደረሰና ‹ጊትሃብ የመለሰልን ከጠዋቱ 2፡59› ዓይነት ቅርብ ሰዓት የያዘ ከሆነ መሣሪያው ደህና ነው፤ የሚጠብቅዎ ግምገማ የለም። መልእክቱ ደርሶ በላዩ ያለው ሰዓት ከቆየ ችግሩ ከጊትሃብ ጋር ባለው ግንኙነት ነው፤ ቶከንዎን በገጽ 3 መሠረት ያድሱ። መልእክቱ ጭራሽ ካልደረሰ ችግሩ በቴሌግራም በኩል ወይም በሰርቨሩ ላይ ነው፤ ቦቱን ከፍተው ‹ስታርት› ይጫኑ። አምስት ደቂቃ ቆይተው ምላሽ ካላገኙ ሰርቨሩ ጠፍቷል ማለት ነው። ‹ግምገማዎ ይጠበቃል› የሚል መልእክት ሲደርስዎ ተራው የእርስዎ ነው። ሌሎቹ መልእክቶች በሙሉ ለእውቀት ናቸው።»

ቅንብሮቹ ወደ መጨረሻው ክፍል ሄደዋል። ከ14 ገጽ ወደ 9 ወርዷል።

ላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

«ሰርቨሩ ጠፍቷል ማለት ነው» ካሉ በኋላ አንባቢው ማንን እንዲያናግር ነው? ሰርቨሩን የጫነው ሰው ስምና ስልክ የሚሞላበት ባዶ መስመር በዚያው ገጽ ላይ ይተው፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ይጻፍበት።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እውነት ነው። ጨምሬዋለሁ።

ዘንገና (እንጅባራ)

ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደረሰኝ፦ «የሚጠብቅዎ ግምገማ የለም። ጊትሃብ የመለሰልን ከጠዋቱ 2፡59።» ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ «ግምገማዎ ይጠበቃል» የሚል መጣ፤ የላከችው የክፍል ጓደኛዬ ናት። አሁን እያየሁላት ነው።